ጋሽ አልአዛር ኩለር ሲመርጡ

በዚህች አገር ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ዕቃ ገዝቶ የሚጸጸትና ዕቃ ሳይገዛ የሚያረጅ። የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ ስለ እኔ ማውራት አያስፈልግም። ሁለተኛው ግን በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ ታውቁታላችሁ። የበር ቁልፍ ሊገዛ ይወጣና ሱቅ ሙሉ ቁልፍ ከፍቶ ዘግቶ፣ ባለሱቁን አንገሽግሾ፣ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ በሩንም በገመድ አስሮ ያድራል። ሌላ አገር እንዲህ ያለው ሰው ጃንጥላ ሲያጠና ክረምቱ ያልፍለታል። እኛ ሚዛን ከተማ ዝናቡ የሚያልፍ ዓይነት ስላልሆነ፣ እያጠና ይበሰብሳል።

የእኛ ሰፈር ድርሻ ክቡር ጋሽ አልአዛር ናቸው። እኔ እዚሁ አማን ላይ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ አለችኝ፤ ቤታችን ደግሞ አጥር ለአጥር ነው፤ ስለዚህ ከጥናታቸው የሚያመልጠኝ የለም። እንጀራቸው የቡና ጥራት መቆጣጠር ነው። መጋዘን ውስጥ ከጆንያ ጆንያ እየዞሩ፣ በሹል ቱቦ ወግተው ፍሬ ያወጣሉ፣ ያሸታሉ፣ በጥርሳቸው ይሰብራሉ፣ ወደ ብርሃን ይዘው ያያሉ። ለቡና ይህ ደግ ነገር ነው። ጉዱ ሥራቸውን መጋዘን ቆልፈውበት አለመምጣታቸው ነው።

ፍራሽ ሊገዙ ሄደው ለሙከራ ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ባለሱቁ ምሳ ሊወጣ ፈልጎ፣ ትልቅ ሰው መቀስቀስ ነውር ሆኖበት ተቀምጦ ጠበቃቸው። ሲነቁ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? በጎናቸው ገና አልሞከሩትም። ለፋሲካ ዶሮም እንደዚሁ ነው። አረማመዱን ሳላይ አላርድም ብለው አውራውን ግቢ ውስጥ ለቀቁት፤ በዓሉ አለፈ፣ ባለቤታቸው አጸደ ለእንግዳ ምስር ወጥ አቀረበች፣ አውራ ዶሮው እስከ ዛሬ በግቢው ይንጎራደዳል። አጸደን አንድ ቀን እኚህ ሰው ለመሆኑ እንዴት አገቡሽ ብዬ ጠየቅኋት። እኔ ነኝ እንጂ ያገባሁት፣ እሱ ገና እያጠናኝ ነበር አለችኝ።

አንዲት ቃል አለቻቸው። ሌባ ጣታቸውን ቀና ያደርጋሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ከዚያ «ይጠናል» ይላሉ። ይህቺን ቃል ከሰማችሁ ወንበር ፈልጋችሁ ተቀመጡ።

እንግዲህ የእኚህ ሰው ልጅ ማራናታ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ስትመጣ፣ ካርቱን እሠራለሁ አለች። እናቷን ማይክ ፊት አስቀምጣ፣ ከዛፍ መውረድ የፈራ ጉሬዛ ታሪክ በቤንችኛ አስቀረጸቻት። አጸደ ጉሬዛውንም፣ እናቱንም፣ ከታች ሆኖ የሚያሾፍበትን ከርከሮም ሆና ተጫወተች፤ ከርከሮው በተለይ ያለ ብዙ ልምምድ ነው የመጣላት። የሰፈራችን ልጆች በቴሌቪዥን የሚያዩት ካርቱን ሁሉ በሰው አገር ቋንቋ ነው የሚያወራው። ቤታቸው የሚወራውን ቋንቋ የሚያወራ ጉሬዛ እኔም አይቼ አላውቅም።

ኮምፒውተሩን አባትና ልጅ ሳሎን ውስጥ ራሳቸው ገጣጠሙት። ዕቃው አንድ በአንድ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ፤ እያንዳንዱ እንዴት እንደተጠና አልነግራችሁም፤ ዕድሜ አይበቃንም። ካርቱን ማለት ለካ ብዙ ሺህ ሥዕል ነው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ሥዕል ብርሃኗንና ጥላዋን አስልቶ ያወጣል፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይበላል። ማራናታ ጊዜ ለማሳጠር ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ አደረገችው። ኦቨርክሎክ ይሉታል። ሮጠላት፤ ግን ጋለ። ጋለና ራሱን አጠፋ። ብታበራው ደግሞ ያጠፋል። አብራው የመጣችው ፋን የሻይ ስኒ ማስቀመጫ የምታህል ናት፤ ያንን ሁሉ ሙቀት የት ታደርሰዋለች?

ነገሩ እንግዲህ ይህ ነው። በፋብሪካው ፍጥነት ከሄደ ካርቱኑ ለቀኑ አይደርስም፤ በፍጥነት ከሄደ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ቀኑ ደግሞ ተቆርጧል። ቅዳሜ ከሸዋ ቤንች ወረዳ ሳይቀር ልጆች ሊመጡ አዳራሹ ተይዟል፤ ማስታወቂያውን ያባዛሁት፣ ሱቄ በር ላይም የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ልጅቷ ካልደረሰላት ያን ሁሉ ሕፃን ባዶ ግድግዳ ልታሳይ ነው። መፍትሔው ትልቅ ኩለር ነው፤ ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን የሚመጥ ብረትና ፋን። ማራናታ ለአባቷ ነገረች። ያኔ ለዚያ ቅዳሜ ገና ወር ገደማ ይቀረው ነበር። አባት ጣታቸውን ቀና አደረጉ።

«ይጠናል» አሉ።

እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ራሴን ያዝኩ።

ጥናቱ ተጀመረ። ሚዛን ያለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሁሉ ተጠየቀ፣ ቴፒም ተሄደ። የሰው ኮምፒውተር እያስከፈቱ ብረቱን በጣታቸው ነካ ነካ እያደረጉ፣ አንዳንዱንም አሽትተውታል ይባላል። ከመጋዘን የቡና እርጥበት መለኪያውን ተውሰው አምጥተው ኮምፒውተሩ አጠገብ ሲያስቀምጡ፣ አጸደ ከማድቤት ብቅ ብላ ለኤክስፖርት ደርሷል ወይ ብላ ጠየቀች። እኔማ ንዴቴ ሲብስ፣ ይህን ያህል ከተቸገሩ ማሻ ወስደው አያስቀምጡትም፣ እዚያ ብርድ ነው አልኳቸው። ለቀልድ ነው ያልኩት። በማግስቱ ማሻ ላለ ዘመዳቸው ደውለው፣ የአገሩን ሙቀት ጠዋት ማታ እንዲነግራቸው አዘዙት።

ከዚያ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ለካ በውሃ የሚያቀዘቅዝ ኩለርም አለ። የጄነሬተር ጠጋኙ ሳህሉ የውሃ ወገን ሆነ፤ መኪና በምን ይቀዘቅዛል፣ በውሃ አይደለም ወይ እያለ ሰው ሰበሰበ። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሁሉ የነፋስ ወይም የውሃ ወገን ነበር። እድር ላይ የድንኳን ጉዳይ ሊወራ ተቀምጠን ኩለር ስናወራ ዋልን። ሱቄ የመጣ ደንበኛ ደብተር ከመጠየቁ በፊት ጋሽ አልአዛር ምን ወሰኑ ይለኛል። እኔም አላሳፈርኩትም፤ ወር ሙሉ በእሳቸው ያልቀለድኩት ቀልድ የለም።

አንድ ቀን ግን ትዕግሥቴ አልቆ አጥሩን ዞሬ ገባሁና፣ ልጅቷ ጉድ ሊፈላባት ነው፣ ምን ይጠብቃሉ አልኳቸው። በረጋ መንፈስ መለሱልኝ።

«እህት ዓለም፣ ውሃው ቢፈስ ሌላውንም ዕቃ ይዞ ይሞታል። ማን ይጠግንልኛል? የነፋሱ ቢበላሽ ፋኗን ቀይሬ እቀጥላለሁ። ትንሹ የነፋስ ደግሞ ለአዲስ አበባ ይበቃል፤ ለእኛ ሙቀት አይበቃም። ልጄ አንድ ጊዜ ነው የምትሞክረው።»

ትልቁን የነፋስ እንደመረጡ ገብቶኝ ወጣሁ። ያ ማለት ግን ወዲያው ገዙ ማለት አይደለም።

ኩለሩ የመጣው ለቅዳሜ ሦስት ቀን ሲቀር፣ ረቡዕ ዕለት ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የብረት ክምሮች፣ በመካከላቸውና በፊታቸው ፋን፤ ሁለት ሸክላ ጡብ ያህላል። ጋሽ አልአዛር የጥርስ ሳሙና የሚመስለውን ቅባት ፕሮሰሰሩ ላይ አድርገው፣ ብሎኑን ዞር ዞር እያደረጉ አጠበቁት። የኮምፒውተሩ ሳጥን ግን አልገጠመም፤ ክዳኑ ከኩለሩ አናት ሊያልፍ አልቻለም። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እሳቸው አዲስ ነገር አልሆነባቸውም። ኮምፒውተሩን በጎኑ አስተኝተው፣ ክዳኑን ትተው፣ ለቡና ማድረቂያ እንደምንሠራው ያለች ትንሽ የሽቦ አልጋ በረንዳ ላይ ሠርተው እዚያ ላይ አሳረፉት። ከታች ነፋስ ያላገኘ ነገር ይሻግታል አሉ። በረንዳው ጣሪያ አለው፤ ዝናብ አይደርስበትም።

ማራናታ ኮምፒውተሩን አበራችው፤ ፍጥነቱን ጨመረችው። ሁላችንም ሙቀቱን የሚያሳየው ቁጥር ላይ አፈጠጥን። ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ቆመ። እዚያው ቆሞ ቀረ። ሥዕሎቹ ተራ በተራ ይወጡ ጀመር፤ ጉሬዛው ቅርንጫፍ ላይ፣ ጉሬዛው አንድ እግሩን አውርዶ፣ ጉሬዛው መልሶ ሰቅሎ። ሳህሉ እንኳ ሳይወድ በግዱ አጨበጨበ።

ሐሙስ እንደዚያው ዋለ። ዓርብ ቀትር ላይ ግን ፀሐይዋ ወጣች። ማራናታና አጸደ አዳራሽ ወንበር ሊያስተካክሉ ሄደዋል። ጋሽ አልአዛር ለምሳ መጥተው ብቻቸውን በሉ። ታጥቦ የሚደርቅ ቡና ቀትር ላይ ፀሐይ ፊት ለፊት ካገኘው ይሰነጠቃል፤ በእኛ አገር ይህን ያልሰማ ሕፃን የለም፤ ቀትር ሲሆን አልጋው ይሸፈናል። ጋሽ አልአዛር ይህንን ዕድሜ ልካቸውን ሲያደርጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ከምሳ ተነሥተው ሲወጡ በረንዳ ላይ የሽቦ አልጋ አዩ፤ አልጋው ላይም አንድ ነገር። ወፍራም ሸራ አንሥተው ጥንቅቅ አድርገው ሸፈኑት፤ ጫፍ ጫፉንም ድንጋይ ጫኑበት። ከዚያ ወደ ሥራ ሄዱ።

ማራናታ ከእናቷ ጋር ስትመለስ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ሸራውን ስታነሣ ሙቀቱ ፊታችንን ገረፈን። ኮምፒውተሩ ጸጥ ብሏል። ልጅቷ እዚያው ቁጢጥ አለች። የወጣው ሥዕል አልጠፋም፤ ግን የታሪኩ መጨረሻ፣ ጉሬዛው የሚወርድበት፣ አልወጣም፤ በነበረበት ፍጥነት ደግሞ ለቅዳሜ አይደርስም። አባቷ ከሥራ ሲመጡ ሸራው መሬት ላይ ነው። አዩት፤ አዩን። ነገሩ ገባቸው።

«እኔ ነኝ የሸፈንኩት» አሉ። «እጄ ነው፣ ልቤ አልነበረም።»

ማራናታ እንባዋን ጠረገች። ፍጥነቱን ከነበረው በላይ ብትጨምረው ሊደርስ እንደሚችል፣ ግን ያን ያህል ሞክራው እንደማታውቅ፣ ሊቃጠልም እንደሚችል ነገረቻቸው። ምን ላድርግ አባዬ አለች። አጸደ እኔን አየችኝ፣ እኔ አጸደን። ያቺን ቃል እየጠበቅን ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ያኔ ብለዋት ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ የምጽፈው ከእስር ቤት ይሆን ነበር።

«ጨምሪው» አሉ።

ጨመረችው። ቁጥሩ ወጣ፤ ረቡዕ ካየነውም አልፎ ወጣ። ፋኖቹ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኹ። ጋሽ አልአዛር ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀምጠው፣ ከብረቱ የሚወጣውን ነፋስ በመዳፋቸው እየለኩ አመሹ። ቁጥሩ ጫፍ ደረሰና ቆመ። ያ ወር ሙሉ ያሾፍንበት ብረት ችሎ ቆመ። ሥዕሎቹ ይወርዱ ጀመር፣ ጉሬዛውም አብሮ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይወርድ ጀመር። ቅዳሜ ጠዋት የሸዋ ቤንች ልጆች አውቶቡስ ላይ ናቸው ተብሎ ሲደወል፣ ማራናታ የመጨረሻዋን ሥዕል አውጥታ ፊልሙን ፍላሽ ላይ እየገለበጠች ነበር። አጸደ እልል አለች። እኔም አልኩ፤ ምን ይደብቀኛል።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ጉሬዛው አፉን ከፍቶ በቤንችኛ ሲያጉረመርም ልጆቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ከርከሮው ሲሰድበው ከሸዋ ቤንች የመጡት ተነሥተው ስድቡን መለሱለት። ጉሬዛው አንድ እግሩን ሲያወርድ በቋንቋቸው ውረድ፣ ውረድ ይሉት ነበር፤ እኔ ቤንችኛ እሰማለሁ እንጂ መናገሩ ላይ ምላሴ ይተሳሰራል፤ ያኔ ግን አብሬ ስል ራሴን ሰማሁት። ወረደ። አዳራሹ ተናወጠ። ማራናታ ግድግዳ ተደግፋ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። ጋሽ አልአዛር ፊት ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

ሕዝቡ ይደገም ብሎ ፊልሙ እንደገና ሲጀመር፣ ከኋላዬ የተቀመጠው ነጋዴው ማቴዎስ ወደ ጓደኛው ጎንበስ ብሎ፣ ለአንዲት ፋን አገር ያስጨነቀው ሰውዬ ያ ነው፣ የጤና አይመስለኝም ብሎ ሳቀ። ራሴ ሱቄ ውስጥ ስንት ጊዜ ያልኩትን ነው የደገመው። ደሜ ግን ፈላ። ዞርኩና፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ፦

«ሰውዬ አይባሉም፤ ጋሽ አልአዛር ነው የሚባሉት። ይህንን ፊልም ያየኸው እሳቸው እንዳንተ ስላልሆኑ ነው። ይልቅ ዝም ብለህ እይ» አልኩት።

ማቴዎስ አቀረቀረ። ጋሽ አልአዛር ድምፄን ሰምተው ከፊት ዞረው አዩኝ። ምን እንዳልኩ አልገባቸውም። ግንባራቸውን ቋጥረው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉና፣ ልጆቹ እየሰሙ ነው፣ አትረብሺ እንደ ማለት ራሳቸውን ነቀነቁብኝ። እሺ አልኩ፤ ዝም አልኩ። ምን ላድርግ፣ እወዳቸዋለሁ።