ለነጥብ የተላኩ ሽማግሌዎች

እኔ የምለው፣ ሰው ባሕር ተሻግሮ፣ ክፍል ገብቶ፣ ተፈትኖ፣ አልፎ ከመጣ በኋላ ተማረ ነው የሚባል ወይስ አልተማረም? እኔ እስራኤል አገር፣ ናታንያ ከተማ ውስጥ ኦቶቡስ የምነዳ ሰው ነኝ። በእኔ ቤት ተማረ ነው የሚባል። በኡኒቨርሲታው ቤት ግን እስኪ እንየው ነው የሚባል።

ልጄ ሺራ አንድ ሴሚስተር ጣሊያን አገር ሂዳ ተማረች። ደንቡ ቀላል ነው አሏት። የምትማሪውን ሳትሄጅ ታስፈቅጃለሽ፣ ፈተናውን ታልፊያለሽ፣ እኛም ነኩዶት፣ ማለት የዲግሪውን ነጥብ፣ እንቆጥርልሻለን። ቀድሞ ከተማርሽው ጋር የሚመሳሰል ከሆነ ግን አንቆጥርም። መልካም። አስፈቀደች፣ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ካስፈቀደቻቸው ትምህርቶች አንዱ፣ መምህሩ ታሞ፣ ቀረ። እሷ ምን አደረገች? በቦታው ሌላ ወሰደች። ማንን ጠይቃ? ማንንም! የማን ልጅ ናት ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

የወሰደችው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እዚህ በዕብራይስጥ ጊሹር ይሉታል። የተጣሉ ሰዎችን አስቀምጦ፣ የሁለቱንም ሰምቶ ማስታረቅ። አዎ፣ ሽምግልና! አያቷ፣ ማለት አባቴ፣ እዚሁ ሺኩን ቫቲኪም የሚባል ሰፈር ሰው ሲያስታርቁ ነው የሚውሉት። ከእኛ ቤት በእግር ይኬዳል። የእኔ ልጅ ግን በአውሮፕላን ሂዳ ተማረችው።

ስትመለስ የኡኒቨርሲታው ትምህርት ክፍል ጸሐፊ፣ ሲጋል የምትባል፣ ይህ አስቀድሞ አልተፈቀደም፣ አይቆጠርም አለቻት። ያለዚያ ነጥብ ደግሞ ዘንድሮ አትመረቅም። ቴል ሞንድ የሚባል ከተማ ሥራ ይዘውላታል፤ ዲግሪውን ይዛ ካልቀረበች ለሌላ ሰው ይሰጣል። ልጅቱ እህል አስጠላት። እኔም አንጀቴ አረረ። ቀይ መብራት ላይ ቁሜ ስለ ነጥብ ሳስብ፣ አረንጓዴ ሁኖ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ይለቅብኛል።

አባየ ይህን ሰሙና፣ ታዲያ ሽማግሌ ላካችሁ ወይ አሉኝ። አባየ፣ ይህ እኮ ኡኒቨርሲታ ነው፣ የሙሽራ ቤት አይደለም አልኳቸው። ቆጣ አሉ። የሰው ልጅ ሳያስፈቅዱ ወስደው ሲያበቁ በሽማግሌ አይደለም ወይ የሚታረቁት? ትምህርት ሳያስፈቅዱ ሲወስዱስ ምን ለየው? እስኪ እናንተ መልሱላቸው። 

እናም በዕረፍት ቀኔ አባየንና ሁለት ጓደኞቻቸውን ጭኜ ሄድኩ። ሺራ ከኋላችን በእፍረት አንገቷን ደፍታ ትከተላለች። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው የሲጋል ጠረጴዛ ፊት ተደረደሩ። ምስኪን ሲጋል ደንግጣ ወንበር አመጣች። መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም አሏት። መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እሷ በምን ትወቀው? ውሃ አመጣች። መስኮት ከፈተች። የታመመ አለ እንዴ ብላ እኔን ጠየቀችኝ።

አባየ ተናገሩ፣ እኔ ተረጎምኩ። ልጃችን አጥፍታለች፣ ሳታስፈቅድ ወስዳለች፣ ጥፋቷን ይዘን እደጃችሁ ቁመናል አሉ። እሰይ አባየ! ሲጋል ፊቷ ፈታ አለ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት? አላቆሙም። ደግሞስ ይህን ትምህርት ከሕፃንነቷ ጀምሮ እኔው ቤት ስትሰማው ነው ያደገች፣ ጣሊያን ምን አዲስ ነገር ያስተምራታል አሉ።

ሺራ ክው አለች። እኔ አፌን ዘጋሁ። ይህን የሚተረጉም ሞኝ የት ይገኛል? ተገኘ! ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሼ በላይ፣ ባሕር ዳርቻው ላይ ካሉት ሆቴሎች ባንዱ ዕድሜውን ሙሉ የሠራ፣ ዕብራይስጡ ከፎጣና ከቁልፍ የማያልፍ ሰውዬ፣ ያን ቀን ምን እንደገባበት እንጃ፣ አንድ ቃል ሳይጥል ተረጎመው። ሲጋልም፣ እንግዲያው ቀድማ ከተማረችው ጋር ይመሳሰላል ማለት ነው አለች። ጉድ ፈላ! ከደንብ የወጣ ጉዳይ የሚያይ ቫዓዳ፣ ማለት ኮሚቴ፣ አለን፤ ተነጋግሮ ይመልስላችኋል ብላ ሸኘችን።

በመኪና ስንመለስ ሺራ ታለቅሳለች፣ አባየ ደስ ብሏቸዋል። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ? እንመልስላችኋለን ካሉ ነገሩ ተበጀ አሉ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ነዳሁ።

የቫዓዳው መልስ መጣ። ትምህርቱ ይቆጠራል! አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። የጣሊያኑ ትምህርት ወሬ እንጂ ሥራ አልነበረበትም፤ ስለዚህ ከሚያስታርቁ ሰዎች ጋር ተቀምጣ ሥራውን ትይ። ሲጋል ያየችውን ለቫዓዳው ነግራ ኑሮ፣ ከአያቷ ጋር ይሁን ብለው ወስነዋል። እልል ብለን እየሮጥን አባየ ዘንድ ሄድን።

አባየ ሰሙና፣ ማንን አስፈቅደው ነው አሉ። እንዴት አባየ አልኳቸው። እኔን አስቀድሞ የጠየቀኝ አለ ወይ? ደንቡ ለእናንተ ልጅ ብቻ ነው እንዴ የሚሠራው? አባየ፣ ልጅቱ ሥራው ሊያመልጣት ነው እኮ ብላቸው፣ ያስፈቅዱኛ ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

አማራጭ አጣሁና ሲጋል ጋ ደወልኩ። የሽማግሌ ወግ እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወትኳት። እግዜር ይስጣት፣ ሳትቆጣ አባየ ቤት መጣች። ወንበር ቢቀርብላት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች፣ መልስ ሳላገኝ አልቀመጥም አለች። በቃ፣ አለቀልን አልኩ። አባየ ግን፣ መክረን እንመልሳለን፣ ለሳምንት ተመለሽ አሏት። ሺራ "ሳባ!" ብላ ጮኸች፤ አያቷን የምትጠራው በዕብራይስጥ ነው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሲጋል ስትወጣ በሩ ላይ ሺራን አቀፈቻትና፣ አይዞሽ፣ ተመለሽ ካሉኝ ነገሩ ተበጅቷል አለቻት።

በሳምንቱ መጣች። ብቻዋን ግን አይደለም። ከቫዓዳው ፀጉራቸው የሸበተ ሁለት ሰዎች አስከትላለች። ሦስቱም በሩ አጠገብ ተደርድረው ቆሙ። ሺራ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። አባየ ሦስቱን በየተራ አይተው፣ አይተው፣ ወንበሮቹን በከዘራቸው እያመለከቱ፣ በሉ አሁን ተቀመጡ አሏቸው።