ነጠላ የምታህል መሬት

ወንድሜ ጌታነህ ከአገር ሊወጣ እንዳሰበ ሲነግረኝ በስልክ ገሥጬዋለሁ። «የአባታችንን መሬት ለማን ጥለህ?» ብዬ። ቀድመን የወጣን ሰዎች አመላችን ነው። እኛ ስንወጣ ምክንያት ነበረን፤ ከኛ በኋላ የሚወጣው ሁሉ ግን ችኩል ይመስለናል።

በማግስቱ በስደት በምኖርበት በግሮሩድ፣ ጫካው ጥግ ከኮሙኑ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ በተከራየኋት ቁራጭ መሬት ላይ ጎመን እኮተኩታለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ሣራ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የታሪክ ተማሪ፣ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ ክፍል ውስጥ የምታቀርበውን ትለማመድብኛለች፦ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ገበሬዎች ለምን ባሕር ተሻገሩ?

«ጀብዱ ፍለጋ ነዋ» አልኳት፣ አረሙን እየነቀልኩ።

«ኔይ፣ ታንተ» አለች፤ «አይ፣ አክስቴ» ማለቷ ነው። «ብዙ ቦታ አባት ሲሞት መሬቱን ለልጆች ሁሉ እኩል ይቆራርሱት ነበር። ልጆቹም ለልጆቻቸው እንደዚያው። እቤት ሸምነው እንዳይደጉሙ የፋብሪካ ጨርቅ መጣ፤ ድንቹም ታመመ።»

«እኩል መካፈል ምን ክፋት አለው?»

«ክፉ ሰው እኮ የለበትም። ለዚህ ነው ሲሰሙት የሚያሰለቸው።»

እኔን ግን አላሰለቸኝም። ፀሐይዋ ሞቅ ብላ ጥዱ ሲሸት ፈዘዝኩ። አንድ የማላውቀው የጀርመን ማሳ ታየኝ፤ በየትውልዱ እየጠበበ፣ እየጠበበ፣ በመጨረሻ ነጠላ አህሎ ነፋስ ሲያነሳው። ጥለቱ ላይ የቆመው ግን የኔ ባሕር ዛፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአባቴ ተዝካር የሄድኩ ጊዜ ሽማግሌዎች ከየልጁ ጠጠር ተቀብለው ዕጣ ሲያወጡ፣ «ሴትም ብሆን፣ ሩቅም ብሆን ልጅ ነኝ» ብዬ ድርሻዬን አስቆረስኩ። መብቴ ነበር፤ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ድርሻዬ ላይ በጌታነህ ባሕር ዛፍ አስተክዬ ተመለስኩ። ዛፉ የሱን ጤፍ ውሃ እየጠጣ እንደሆነ ሲነግረኝ፣ «ጥላ ይሆንሃል» አልኩት።

ጭቃ በነካው እጄ ደወልኩ።

«ጌትዬ፣ ድርሻዬን ውሰደው። ዛፉንም ቁረጠው።»

ሳቀ። «እትዬ፣ በሬዎቹን እኮ ሸጥኳቸው። በምን ልረሰው?» ቀጥሎም፣ «የት ነሽ? ወፍ ይሰማኛል።»

«ጎመን እየኮተኮትኩ።»

«እዚያም መሬት አለሽ?» አለ። ቅናት የለበትም፤ መገረም ብቻ። «ሰፊ ነው?»

ዙሪያዬን አየሁ። «ነጠላ ታህላለች።»

«እንግዲያው ስደርስ እኩል እንካፈላታለን።»

መሬቷን በዓይኔ ለሁለት ከፈልኳት። ሣራ በባልዲዋ ላይ ሆና ድንቹ ስለታመመበት ዓመት ከራሷ ጋር ታወራለች።

ጌታነህ ይቅር ብሎኛል፤ እሱ ሁሉንም ይቅር ስለሚል አይቆጠርልኝም። እናንተ ይቅር በሉኝ።