በጎማው ላይ የተደረገ የአማካሪ ምርጫ

ሰፊ ጥላ የመዝናኛ ፓርክ፣ ሆሳዕና
የጎብኚዎች ምክር አዘጋጅ ኮሚቴ 7ኛ መደበኛ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት በረንዳ (ከተራ ቁጥር 2 መጨረሻ ጀምሮ ከመሬት በላይ)
ሰዓት፦ ለ7፡30 ተጠርቶ 8፡05 ተጀመረ

የተገኙ አባላት
1. አቶ ወንዳፈረው፣ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ቢሮ ኃላፊ
2. መምህር ተገኘ፣ የሆመቾ ተወላጅ፣ የፊዚክስ መምህር
3. ወ/ሮ ፋንታዬ፣ የፓርኩ ካፌ ባለቤት
4. ምስክር፣ ጸሐፊ፣ ይህን የምጽፈው

ያልተገኙ፦ አቶ አበራ። አንጋጫ ለቅሶ እንደሄዱ በስልክ አሳውቀዋል።

በክብር እንግድነት፦ አቶ ቲቶ፣ የሺንሺቾ ልጅ፣ ነዋሪነታቸው ጆሃንስበርግ። በዓመት አንድ ጊዜ ለበዓል ይመጣሉ። እዚያ ትልቅ መዝናኛ ፓርክ ሁለት ጊዜ ገብተዋል።

ያለ ድምፅ የተገኘች፦ ጣቢታ፣ የትልቁ ተሽከርካሪ ጎማ አንቀሳቃሽ። አራት ዓመት በጊዜያዊነት የሠራች።

ከአምስቱ አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። ሦስትም ይበቃ ነበር።

ስብሰባው በመምህር ተገኘ ጸሎት ተከፈተ። ጸሎቱ ሃያ ሁለት ደቂቃ የፈጀ ሲሆን በመካከሉ «ለሕዝብህ ከስንት ሰዓት በኋላ ቀዝቃዛ ሻይ ለሚያቀርቡት ልብ ስጣቸው» የሚል ስለነበረበት ወ/ሮ ፋንታዬ ከአሜን በኋላ የመልስ ዕድል ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ለጸሎት መልስ መስጠት በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ እንደሌለ ገልጸው አልፈዋል።

ተራ ቁጥር 1፦ በበሩ ሰሌዳ ላይ ስለሚጻፈው ምክር

ሰብሳቢው የሐዲያ ዘመን መለወጫ የሆነው ያሆዴ ሳምንት እንደቀረው፣ ከአዲስ አበባና ከደቡብ አፍሪካ የሚገባው ሰው ብዙ እንደሆነ አስታውሰዋል። አምና ጎብኚው ከየት እንደሚጀምር የሚነግረው አጥቶ ግማሹ የመጸዳጃ ቤቱን ወረፋ የትኬት መስሎት አንድ ሰዓት መቆሙንም ጠቅሰዋል። ስለዚህ ፓርኩን የሚያውቅ ሰው ምክር በብረት ሰሌዳ ተጽፎ በሩ ላይ እንዲተከል ሐሳብ አቅርበዋል።

በአገራችን ወግ እንግዳ ቀድሞ ስለሚናገር ዕድሉ ለአቶ ቲቶ ተሰጠ። አቶ ቲቶ ጎብኚ በጠዋት እንዲመጣ፣ የፀሐይ ቅባት እንዲቀባ፣ ወረፋ የሚያስቀር ልዩ ትኬት እንዲቆርጥ፣ እንዳይጠፋም የፓርኩን ካርታ በስልኩ እንዲጭን መክረዋል። መምህር ተገኘ ፓርኩ ያሉት ጎማው፣ የእንጨት ፈረሶቹ፣ መዝለያውና ካፌው ብቻ መሆናቸውን፣ አራቱም ከበሩ ላይ እንደሚታዩ ተናግረው፣ እዚህ የሚጠፋ ሰው ካርታ ሳይሆን መነጽር ያስፈልገዋል ብለዋል። ሰብሳቢው የእንግዳ ቃል ፊት ለፊት እንደማይታጠፍ አሳስበው መምህሩ አስተያየታቸውን ከስብሰባው በኋላ እንዲናገሩ አዘዋል።

ጣቢታ እንድትናገር ሳይሆን እንድታስረዳ ተፈቀደላት። ያስረዳችው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ግራጫው የእንጨት ፈረስ ሚስማር ስላለው ሱሪ ይቀዳል። ሁለተኛ፣ በቡላና በቅቤ የሚሠራውን የበዓል ምግብ፣ አታካና፣ የበላ ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላው ጎማው ላይ እንዳይወጣ። ሦስተኛ፣ እንደ ዛሬው ቅዳሜ በገበያ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማንም ጎማው ላይ እንዳይሳፈር፤ ከአጥሩ ጀርባ ያለው ወፍጮ ቤት የገበያተኛውን እህል መፍጨት ሲጀምር ኃይሉን ስቦ ጎማውን ያቆመዋል።

ሁለተኛው ነጥብ ጉባኤውን ከፍሏል። መምህር ተገኘ ቡላና ቅቤን ከማስታወክ ጋር በብረት ሰሌዳ ማያያዝ የበዓሉን ክብር እንደሚነካ በቁጣ ገልጸዋል። ጣቢታ እኔም የምወደው ምግብ ነው፤ ግን ወንበሩን የማጥበው እኔ ነኝ ብላለች። መምህሩ ተቃውሟቸውን አንስተዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ ሰሌዳው አረንጓዴ እንዲቀባ ተወሰነ። የሚጻፍበት ነገር ወደ ተራ ቁጥር 2 ተላልፏል።

ተራ ቁጥር 2፦ የጎብኚዎች አማካሪ ስለ መምረጥ

የሥራ መደቡ ቋሚ ነው። ሁለት ዕጩዎች ቀርበዋል።

ወ/ሮ ፋንታዬ አቶ ቲቶን ጠቁመዋል። ምክንያታቸውም እዚህ ውሎ የሚያድር ሰው ዓይኑ ስለሚለምደው ምንም አያይም፤ አንድ ጊዜ የመጣ ሰው ግን ሁሉን በአዲስ ዓይን ያያል የሚል ነው። አቶ ቲቶ በዓመት ሦስት መቶ ሃምሳ ቀን እዚህ አለመኖራቸው ለሥራው እንዴት እንደሚሆን ሲጠየቁ፣ ወ/ሮ ፋንታዬ ምክር በስልክም ይሰጣል ብለዋል።

መምህር ተገኘ ጣቢታን ጠቁመው «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ብለዋል። ሰብሳቢው በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ እንደሚቆጠር አምነው፣ ሆኖም ጣቢታ ቋሚ ብትሆን የፈረሶቹ ሠራተኛም ነገ ይጠይቃል ሲሉ ሥጋታቸውን ገልጸዋል። ጣቢታ ያለ ደብዳቤ አራት ያሆዴ እንደሠራች፣ በዚህ ካልሆነ ዱራሜ እህቷ ሱቅ እንደምትገባና ከዚያ በኋላ ጎማውን የሚያውቅ እንደማይኖር ተናግራለች። ይህ ማስፈራሪያ ይሁን መረጃ በሚለው ላይ ሩብ ሰዓት ውይይት ተደርጓል።

አቶ ቲቶ ወፍጮው ጎማ ያቆማል የሚባለው ወሬ ነው፤ እኔ አምና ስሳፈር አልቆመም ብለዋል። ጣቢታ እርስዎ የመጡት እሑድ ነው ብላለች። ሰብሳቢው የእንግዳ ቃል መታጠፉን በቅሬታ ተመልክተዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ ጉዳዩ በተግባር እንዲረጋገጥና ኮሚቴው ራሱ እንዲሳፈር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሰዓቱ 8፡54 ነበር። ጣቢታ «ጋሽ ወንዳፈረው፣ ስድስት ደቂቃ ነው የቀረው፤ በጌታ ይዤዎታለሁ ይተዉት» ብትልም ድምፅ ስለሌላት አልተመዘገበም።

ጎማውን የምታንቀሳቅሰው እሷ ስለሆነች መሬት ላይ ቀረች። ሰብሳቢው ወንበር አንድ፣ መምህሩ ወንበር ሁለት፣ ወ/ሮ ፋንታዬ ወንበር ሦስት ተቀመጡ። እኔ የእንግዳውን ቃል እንድይዝ ከአቶ ቲቶ ጋር ወንበር አራት ላይ ተመደብኩ። ዘጠኝ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ወፍጮው ተነሳ። ጎማው ቆመ።

ተራ ቁጥር 3፦ ስለ መውረድ (በአስቸኳይ የገባ)

ስብሰባው ባለበት ቀጥሏል። የእኛ ወንበር ከሁሉም ከፍ ያለው ሲሆን ከዚያ ከተማው ጥሩ ሆኖ ይታያል። ወ/ሮ ፋንታዬ አንጋጫ ለቅሶ ላይ ያሉት አቶ አበራ ከመንገዱ ማዶ ፑል ቤት በራፍ ላይ ቆመው ዱላ ሲያስተካክሉ አይተው ለጉባኤው ጠቁመዋል። በስም ሲጠሩ አቶ አበራ ዙሪያቸውን እንጂ ወደ ላይ አልተመለከቱም።

አቶ ቲቶ ምክር ተጠይቀው እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም በድምፅ ማጉያ ይቅርታ እንደሚጠየቅና ለእያንዳንዱ አይስክሬም እንደሚታደል አስረድተዋል። ጉባኤው ሃያ ደቂቃ ጠበቀ። አይስክሬም አልመጣም።

በዚህ መካከል ከመሬት አካባቢ ድምፅ ተሰምቷል። ይዘቱ ጎማውን በእጅ የሚያዞር ማኖቬላ እንዳለና አንድ በአንድ ማውረድ እንደሚቻል የሚገልጽ ይመስላል። ሰብሳቢው ያለ ድምፅ የተገኘ ሰው በጉባኤው ላይ መናገር እንደማይችል ወደ ታች አሳውቀዋል። መምህር ተገኘ እንግዲያው የመናገር መብት ይሰጣት ብለው ሐሳብ አቅርበው፣ ቀጥሎም ምሳ አታካና መብላታቸውን ለጉባኤው በግልጽ ተናግረዋል። ከእሳቸው በታች የነበሩት ሰብሳቢ ሐሳቡን ወዲያው ደግፈዋል።

እጅ በማውጣት ድምፅ እንዳይሰጥ ወ/ሮ ፋንታዬ በሁለት እጃቸው ብረቱን ስለያዙ እግር በማወዛወዝ እንዲሆን ተስማምተናል። ወ/ሮ ፋንታዬ ሁለቱንም እግር በማወዛወዛቸው ድምፁ አምስት ለዜሮ ሆኖ ነበር፤ ተቆጥሮ ተስተካክሏል።

በሙሉ ድምፅ የተወሰነ፦
3.1 ወ/ሪት ጣቢታ እንዲናገሩ፣
3.2 ከዛሬ ጀምሮ በቋሚነት የጎብኚዎች አማካሪ እንዲሆኑ፣ ሦስቱም ምክራቸው ሰሌዳው ላይ እንዲጻፍ፣
3.3 ኮሚቴውን በማኖቬላ እንዲያወርዱ።

ወ/ሪት ጣቢታ አመስግነው ማንም ከወንበሩ እንዳይነሳ፣ ወደ ታች እንዳይመለከት፣ በተለይ ቲቸር ተገኘ አፋቸውን ዘግተው በአፍንጫቸው እንዲተነፍሱ መክረዋል። የምክሩን ጥቅም ሰብሳቢው ደረቅ የቀረውን ኮታቸውን እየዳሰሱ አረጋግጠዋል። ለአንድ ወንበር አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል እየፈጀባቸው፣ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ መጀመሪያ ሰብሳቢውን፣ ቀጥሎ መምህሩን፣ ቀጥሎ ወ/ሮ ፋንታዬን አወረዱ። ወ/ሮ ፋንታዬ መሬት ሲረግጡ አቅፈው ስመዋቸዋል። «አንቺ ልጅ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው» ሲሉ ከላይ ሰምቻለሁ።

ተራ ቁጥር 4፦ ልዩ ልዩ

ከአራታችን ሦስቱ መሬት ላይ ስለተገናኙ ሰብሳቢው ምልዓተ ጉባኤው መሙላቱን አስታውቀው ወዲያው ስብሰባውን ቀጥለዋል። ንግግሩን ከወንበር አራት ሆኜ በሰማሁት መጠን ይዣለሁ።

ሰብሳቢው እግሩ መሬት ያልነካ ሰው የወሰነው ውሳኔ እንደማይጸና፣ የስብሰባው ጥሪ ላይ የተጻፈው ቦታም በረንዳው እንጂ ሰማይ አለመሆኑን አስረድተዋል። በተጨማሪም እንግዳችን ገና እላይ ተቀምጠው ሳሉ ሌላ ሰው የሾመ ጉባኤ ነገ በጆሃንስበርግ ስሙ እንዴት ይነሳል ሲሉ ጠይቀዋል። ወ/ሮ ፋንታዬ ከልባቸው ደግፈዋል። መምህር ተገኘ ከአጥሩ ጥግ ጎንበስ ብለው ስለነበር ድምፀ ተአቅቦ ተብለው ተመዝግበዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ማለትም ከሁለት ደቂቃ በኋላ፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ የሰሌዳው ቀለም ጭምር፣ እንዲሻር ተወሰነ።

ወ/ሪት ጣቢታ ማኖቬላውን እንደያዙ «ሁሉም ነው ጋሼ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ሁሉም ማለት ሁሉም ነው ብለዋል። «3.3ም?» ብለው በድጋሚ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ትዕግሥታቸው አልቆ ኮሚቴ ሲወስን ቁጥር እየመረጠ እንደማይሽር ነግረዋቸው፣ ስብሰባው 10፡40 ላይ መጠናቀቁን አስታውቀው፣ ከወ/ሮ ፋንታዬ ጋር ወደ ካፌው ሄደዋል።

ወ/ሪት ጣቢታ በውሳኔው መሠረት ማኖቬላውን መሬት ላይ አስቀመጡ። እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ አቶ ቲቶና እኔ አልወረድንም። ሰብሳቢውን ሁለት ጊዜ ጠርቻቸው ስብሰባ ከተዘጋ በኋላ ጥያቄ እንደማይቀበሉ በእጃቸው ምልክት አሳይተውኛል። አቶ ቲቶ ወፍጮው መቼ እንደሚቆም ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። በዚህ ፓርክ ሰባት ስብሰባ ይዣለሁ፤ ስለ ጎማው የማውቀው ግን እሳቸው የሚያውቁትን ያህል ነው፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው «እህቴ ጣቢታ፣ ምን ትመክሪናለሽ?» ብለው ጮኹ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር ሲጠይቁ መስማቴ ነው።

እኔ በበኩሌ 3.1፣ 3.2 እና 3.3ን በአዲስ ወረቀት ጽፌ፣ ፈርሜ፣ አቶ ቲቶም እንግዳ ቢሆኑም ፈርመውበት፣ በጫማዬ ውስጥ አድርጌ ወደ ታች ጣልኩ። ወ/ሪት ጣቢታ ሁለት ጊዜ አነበቡት። አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ጫማዬን አጠገባቸው አስቀመጡ።

«ጥሩ ጽሑፍ ነው ወንድም ምስክር» አሉ፤ «ለማውረድ ግን ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል። ጋሽ ወንዳፈረው ሻይ እየጠጡ ነው። ሲጨርሱ እጠይቃቸዋለሁ።»

የወ/ሮ ፋንታዬ ሻይ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለዚህ ጉባኤ መግለጽ አያስፈልግም።

ቃለ ጉባኤውን የያዘው፦ ምስክር፣ ወንበር አራት
የእማኝ ፊርማ፦ ቲቶ፣ እዚያው