የአቶ ስጋት ቅጽ

ለመሆኑ ሁርሊንግሃም ሰፈር ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ክትፎ ሊበላ ገብቶ፣ ከክትፎው በፊት መውጫ በሩን የሚፈልግ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እዚህ ኪሊማኒ ሰፈር ግድግዳ የሚጋሩኝ ጎረቤቴ እንዲህ ናቸው። ጊጊሪ ሰፈር ባለ አንድ ቢሮ የአደጋ ስጋት ይገመግማሉ፤ እኔ በልቤ «አቶ ስጋት» እላቸዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ቅጽ ይዘው ቤቴ መጡ። ስለ ጎርፍ ጠየቁኝ፣ ስለ እሳት ጠየቁኝ፤ ይወድቅ እንደሆነ ብለው ግድግዳዬን ሳይቀር አንኳኩ። በመጨረሻም፣

«አደጋ ቢመጣ በርዎን ማን ያንኳኳል?» አሉኝ።

«እንጃ» አልኩ። ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው «ከፍተኛ ስጋት» ብለው ጻፉ። ተናድጄ፣

«የእርስዎንስ ማን ያንኳኳል?» አልኳቸው።

እያፈሩ የራሳቸውን ቅጽ አሳዩኝ። ሦስት ዓመት ስንጎራበት ስም አልተጠያየቅንም። በዚያው ጥያቄ መልስ ቦታ ላይ «ከግድግዳው ወዲያ የሚያስለው ሰውዬ» ብለው ጽፈዋል።