የቦራ አንደኝነት

በሬ በጅብ ያልቃል የሚል ሰው የዋህ ነው። በሬ የሚያልቀው በምስጋና ነው!

እኔ የመተከል ደጋ ጫፍ ገበሬ ነኝ። ሁለት በሬ አለኝ… ነበረኝ። አንደኛው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ያልኩት፣ ሲራመድ እንኳ የደጃዝማች ልጅ ይመስል ነበር። አሶሳ አጠገብ የማሽላው አዝመራ ሲገባ ሰው ምርጥ እህሉንና ምርጥ ከብቱን ይዞ እንደሚሰበሰብ፣ አንደኛ ለወጣው ደግሞ ረጃጅም የቅል መለከት እንደሚነፋለት ሰማሁ። በቃ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ቦራን ዓባይን አዋኝቼ ወሰድኩት። ልሸጠው እንዳይመስልህ፤ ላሳየው ነው!

ማሽላው፣ ሰሊጡ፣ ማሩ፣ ፍየሉ ተደርድሮ ጠበቀን። ቦራ ሲገባ ግን ሰው ሁሉ ዞረ። የአገሩ ሽማግሌ ሼህ ኢድሪስ በሬውን ዞረው አዩትና «ማሻአላህ፣ ይሄ አንደኛ ነው» አሉ። መለከቱ ተነፋ። ስሙን ዋዛ ይሉታል፤ ድምፁ ግን የዋዛ አይደለም። እኔም ጨፈርኩ።

ጭፈራው ሳያልቅ አንድ ሰው ቢላዋ ሲስል አየሁ።

«ሼህ፣ ቢላዋው ለምንድን ነው?»

«ለበሬው። እኛ አገር እንዲህ ነው። አላህ አብልጦ የሰጠው ሰው፣ እሱ ሁሉን ያበላል።»

የቦራን ገመድ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። በአንድ በሬ አይታረስ! ክረምት ሲመጣ በመቀናጆ እንዲያርስ ጎረቤት ልለምን ነው። ለሚስቴስ ምን እላታለሁ?

ሼህ ኢድሪስ ፊቴን አይተው አዘኑልኝ። «አይዞህ፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ። ሰው ፊት ቁም፤ ‹በሬዬ አንደኛ አይደለም› በል። በሬህን ይዘህ ሂድ። ፍየል ያመጣው ያበላል።»

ይህን ያህል ቀላል! ቆምኩ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ወገኖቼ፣ ይህ በሬ አንደኛ አይደለም። ሰነፍ ነው። ቀንበር ሲያይ ይተኛል…»

ሼሁ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ሊያልቅልኝ ነበር። ይኼኔ ከፊት የተቀመጠ ሐሚድ የሚባል ሰሊጥ ነጋዴ ሊያግዘኝ ብሎ «እውነት ነው፣ እኔም አየሁ። ቀጭን ነው» አለ።

እስቲ ፍረደኝ፤ አንተ ብትሆን ዝም ትል ነበር? በሬዬን እኔ ልስደበው እንጂ ሌላ ይሰድበዋል?

«ማን ነው ቀጭን? ቦራ? ሽንጡን አታይም? እንዲህ የሰባ በሬ ያለው ካለ ያምጣ!»

ሼህ ኢድሪስ በሐዘን አዩኝ። «እንግዲያ አንደኛ ነው?»

«አንደኛ ነው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መለከቱ እንደገና ተነፋ፤ ቢስሚላህ ተባለ።

መቼም ታውቃለህ፣ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይቀምስም። በገዛ በሬዬ ድግስ ላይ የማሽላ ቆሎ እየቆረጠምኩ ተቀመጥኩ። ሐሚድ አንድ ጎድን ይዞ አጠገቤ መጣ። አጥንቱ እስኪነጣ ጋጠው፣ ጣቱን ላሰ፣ ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አደረገና፦

«አፉ በለኝ፣ ወንድሜ» አለ። «እውነቱ ያንተ ነው፤ ቀጭን አልነበረም።»