ያለ ዋስ የማያምኑት ሚስተር ፓስኮ

መንግሥት ባለበት አገር ሁሉ፣ መንግሥቱ ራሱ ከመቆሙ በፊት ቀድሞ ተወልዶ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው አለ። ሥራው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ዋስህ ማነው?» ማለት ነው። ኒውዚላንድ ጠረፍ ላይ፣ ፖርት ኤልዊን በምትባል የጭቃ ከተማ ለሰፈርነው ለእኛ የደረሱን ክቡር ሚስተር ጆሳያ ፓስኮ ናቸው፤ የመሬት ቢሮው ዋና ጸሐፊ።

ሚስተር ፓስኮ ለቄሳችን መሰላል ሲያውሱ ሁለት ምስክር ጠየቁ። ቄሱ «እግዚአብሔር ምስክሬ ነው» ቢሏቸው፣ «እሺ፣ እሱ አንድ። ሁለተኛውስ?» አሉ። እኔ መጥረቢያ ብዋሳቸው አማቴን ዋስ አስጠሩኝ፤ ሴትዮዋም መጥረቢያው እስኪመለስ ድረስ ቤቴን ለቀው አልሄዱም። በከተማዋ ጋዜጣ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝና፣ በሳቸው ሳላፌዝ ያለፈ ሳምንት አልነበረም።

ወደዚህ ያመጣን አንድ የሰፈራ ኩባንያ ነው። ለንደን ላይ በሸጠልን ወረቀት የተቀየሰ መሬት፣ ጋሪ የሚያሳልፍ መንገድና የወንዝ ድልድይ ቃል ገብቶልናል። ከመሬቱ አሥረኛው እጅ ደግሞ ለባለአገሮቹ ለማኦሪዎቹ ተከልሎ ይቀራል ተብሏል። መንግሥት መሬቱን ለኩባንያው ሲሰጥ ስምንት ሺህ ፓውንድ መያዣ ተቀበለ። ኩባንያው ቃሉን ከበላ፣ ሥራው በዚያ ገንዘብ ይሠራል።

ሁለት ዓመት አለፈ። መንገዱ ሁለት ማይል ሄዶ ረግረግ ውስጥ ሰጠመ። ድልድዩ የለም። እኛ ሳር ጎጆ ውስጥ ከነልጆቻችን እየሳልን፣ የኩባንያው ወኪል ካፒቴን ሊደን ወደቡ ላይ ባለ ስምንት መስኮት ቤት ሠራ። በዚህ ላይ ደግሞ ካፒቴኑ አገረ ገዢው ዘንድ ቀርቦ፣ ጥሬ ገንዘቡ ይመለስልንና በምትኩ መሬት እናስይዝ አለ። የትኛውን መሬት ቢሉ፣ መንግሥት ራሱ የሰጠውን። ጎረቤትህ ያዋሰህን በሬ መልሰህ ለዚያው ጎረቤት መያዣ ላድርገው ብትለው በዱላ ያባርርሃል። አገረ ገዢያችን ግን የበግ ጥብስ አብረው በልተው ተስማሙ። ጅብ ለጅብ ዋስ ከሆነ የአህያዋን ዋጋ ማን ይከፍላል?

የቀረው አንድ ፊርማ ነበር፤ ገንዘቡ ከግምጃ ቤት እንዲወጣ ዋናው ጸሐፊ «ሥራው ተሠርቷል» ብለው ማረጋገጥ አለባቸው። ሚስተር ፓስኮም ሳላይ አልፈርምም አሉና ረጅሙን ባርኔጣቸውን ደፍተው በእግራቸው ወጡ። እኔም ለጋዜጣው የሚሆን ሳቅ አገኛለሁ ብዬ ተከተልኳቸው። መንገዱ ካለቀበት አልፈው ሁለት እርምጃ እንደሄዱ እስከ ወገባቸው ሰመጡ። ጎትቶ ያወጣቸው ሆሄፓ የሚባል የማኦሪ ሽማግሌ ነው። በታንኳው ወንዙን አሻግሮን ቀኑን ሙሉ ይዞን ዞረ። ለሕዝቡ ተከለለ በተባለው ቦታ የኩባንያው በጎች ይግጡ ነበር።

ሚስተር ፓስኮ እርጥብ መዝገባቸው ላይ ሁሉንም ከጻፉ በኋላ፣ መያዣው ገንዘብ እንዳለ፣ ኩባንያው ባይፈጽም መንግሥት እንደሚፈጽም ለሽማግሌው አስረዱት።

«ለኩባንያው ዋሱ ገንዘቡ ነው፤ ገባኝ» አላቸው ሆሄፓ። «ለመንግሥታችሁስ ዋሱ ማነው?»

ሚስተር ፓስኮ ጥያቄውንም መዝገቡ ላይ ጻፉት፤ የመልሱን ቦታ ግን ባዶ ተዉት።

በማግሥቱ የአገረ ገዢው ጸሐፊ ወረቀቱን ይዞ መጣ። በየቅኝ ግዛቱ ሃያ ስድስት ዓመት መንግሥትን ያገለገሉትን ሰው፣ ወይ ይፈርሙ ወይ ቁልፉን ያስረክቡ አላቸው። ሰማሁ፤ በር ላይ ቆሜ ነበር።

«ያልተሠራ መንገድ ተሠራ ብዬ አልፈርምም» አሉ ሚስተር ፓስኮ። «ቁልፉን እነሆ። ስለመረከብዎ ግን ይፈርሙልኝ።»

አስፈርመውት ወጡ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በሳቸው ላይ ቀልድ ጽፌ አላውቅም።

በሳቸው ቦታ የተተካው ሰው ፈሪ ነበር። የሳቸው መዝገብ በገዛ እጅ ጽሕፈታቸው «አልተሠራም» እያለ ፊቱ ተዘርግቶ እንዴት ይፈርም? ዛሬ ነገ ሲል አራት ወር ሄደ። በአምስተኛው ወር የመጣች መርከብ ኩባንያው ለንደን ላይ መክሰሩን አወራች። ካፒቴን ሊደን በዚያችው መርከብ ተሳፍሮ ጠፋ። ስምንቱ ሺህ ግን ግምጃ ቤት ነበር። መንገዱም ድልድዩም በሱ ተሠራ።

አሁን ድልድዩ ላይ የመዳብ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ የአገረ ገዢውን አርቆ አሳቢነት ያመሰግናል። ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የሚስተር ፓስኮ ስም የለበትም፤ ጡረታቸውም ተከልክሏል። የማኦሪዎቹ አሥረኛ እጅ ደግሞ፣ ቀይሶ ለመከለል የሚሆነው ገንዘብ በመንገዱ አልቋልና «በመታየት ላይ ነው» ተብሏል። በጎቹን ከከሰረው ኩባንያ የገዛ ሌላ ጌታ አሁንም እዚያው ያግጣቸዋል።

ሚስተር ፓስኮ ዛሬ ወፍጮ ቤት ዱቄት ይመዝናሉ፤ በአንድ ቅንጣት ዱቄት እንኳ አያዳሉም፤ ጠባያቸውም አልተሻሻለም። ሐሙስ ሐሙስ ግን ወፍጮውን ዘግተው ከሆሄፓ ጋር የመሬት ቢሮው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። በሩ ሲከፈት «የአሥረኛው እጅ ጉዳይ» ይላሉ። በመታየት ላይ ነው ይባላሉ። እስኪዘጋ ይቀመጣሉ። አዲሶቹ ጸሐፊዎች «ሁለቱ እልኸኛ በቅሎዎች» ብለው ይጠሯቸዋል። ሦስት ዓመት ሆናቸው።

ባለፈው ሐሙስ ሳልፍ ሆሄፓን ብቻውን አየሁት። ሥራዬን ጥዬ ወደ ሚስተር ፓስኮ ቤት ሮጥኩ፤ ለምን እንደሮጥኩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ትኩሳት ይዟቸው፣ እስከ አገጫቸው ተሸፋፍነው ተኝተዋል። ሲያዩኝ ተቆጡ።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? ቦታዬ ላይ ማን ተቀምጧል?»

ማንም የለም አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ሄጄ ሆሄፓ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሱም ትንሽ ጠጋ አለልኝ። በሩ ሲከፈት ድምፄን ከፍ አድርጌ «የአሥረኛው እጅ ጉዳይ» አልኩ።