ሦስቴ ካልተለመኑ የማይሳፈሩት ጋሼ አሥራት

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ያለን ሐበሾች ሁላችንም፣ ረሃብ እየገደለው «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» የሚል አንድ ሰው አናጣም። እናንተ ዘንድ ከሌለ ሰውየው እናንተው ናችሁ። የዚህ ማኅበር የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት ግን ጎረቤቴ፣ ክቡር ጋሼ አሥራት ናቸው።

ክቡርነታቸው ሦስቴ ሳይለመኑ እሺ ብለው አያውቁም። አንድ ጥር ፍራንክሊንተን ሰፈር አውቶቡስ ፌርማታ ላይ በረዶ ጢማቸውን አልብሶት አገኘኋቸው። መኪናዬን አቁሜ «ይግቡ ጋሼ» ስላቸው፣ «ኧረ ሂጂ ልጄ፣ እኔ ንፋስ እወዳለሁ!» አሉኝ። ንፋስ! ሁለተኛም እምቢ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ክላክሱን እየለቀቀብኝ «በሞቴ!» ስላቸው ነው በሩን የከፈቱት። ገብተውም «አስቸገርኩሽ» እያሉ የሂተሩን ሙቅ አየር ወደ እኔ አዞሩት።

እኚህ ሰው ደብረ ዘይት የአየር ኃይል መካኒክ ነበሩ። አሁን ኦቤትስ የሚባል ሰፈር የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከከተማ ወጣ ያለች ትንሽ አየር ማረፊያ በነፃ ቮለንቲር ያደርጋሉ። እዚያ ቲኬት የቆረጠውን ሁሉ ሃያ ደቂቃ ሰማይ ላይ የሚያንሸራሽር አንድ የድሮ የጦር አውሮፕላን አለ። ጋሼ በወጣትነታቸው የዚህኑ ዓይነት አውሮፕላን ሞተር ሲፈቱ ሲገጥሙ ኖረዋል፤ ተሳፍረውበት ግን አያውቁም። የቤተ ክርስቲያናችንን ሰው ግማሹን ቲኬት ያስቆረጡት እሳቸው ናቸው። እኔን ብቻ አልቻሉም፤ እኔ ሊፍት እንኳ ያስጨንቀኛል።

አብራሪው ካፒቴን ዳግ ወንበር በተረፈው ቁጥር «አሥራት፣ ትመጣለህ?» ይላቸዋል። ክቡርነታቸውም «ኖ፣ ኖ፣ አይ አም ፋይን!» አሜሪካዊ ደግሞ ኖ ሲሉት ኖ ነው የሚመስለው። «ኦኬ!» ብሎ በሩን ጥርቅም። ሦስት ሰመር ሙሉ! ጋሼ አንጋጠው ይቀራሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ላደርስላቸው ብሄድ ፊታቸው ጠቁሯል። አውሮፕላኑ ተሸጦ በማግስቱ ወደ ቴክሳስ ሊሄድ ነው፤ የቀረው አንድ በረራ ብቻ ነው።

«ታዲያ ዛሬ ይሳፈሩ እንጂ!»

«አንዴ ብቻ እኮ ነው የሚጠይቀው» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ሮጬ ካፒቴኑን ያዝኩት። «ሦስቴ ጠይቃቸው። ሦስተኛው ላይ ‹በሞቴ› በላቸው።»

«ምን ማለት ነው?»

«እምቢ ካልከኝ ልሙት ማለት ነው።»

«ፓይለት ሊነሳ ሲል እንዲህ ይላል?» አለኝ። ቢሆንም አጠናው።

አንዴ ጠየቃቸው። «አይ አም ፋይን።» ደገማቸው። «ለሌላ ሰው ይሁን።» ዳግ ኮፍያውን አወለቀ። «ሚስተር አሥራት፣ በሞቴ።»

ጋሼ ክው አሉ። ከዚያ በአማርኛ «ኧረ ሞትህን ለጠላትህ ያድርገው!» እያሉ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ወጡት። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«ሌላም ወንበር አለ። ነይ ግቢ!»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ደህና ነኝ።»

«ነይ እንጂ!»

«የምሬን ነው፣ እፈራለሁ!»

«በሞቴ!»

የምሬን ነበር። ግን ለሳቸው ማን ያስረዳቸዋል? ሰማይ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እጅጌያቸውን ጨምድጄ ያዝኩ። ብዙ ቆይቶ «ደህና ነው ልጄ፣ ሞተሩ ደህና ነው» ሲሉኝ ዓይኔን ገለጥኩ። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ሞተሩን ያዳምጣሉ፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። በመስኮቱ ወደ ውጭ አላየሁም፤ እስክናርፍ ድረስ እሳቸውን ሳይ ነበር።